ያቀናኋቸው ምሰሶዎች

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ፣ ከእናታችን ቀጥሎ ላሳደግሽኝ ለእትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽን አሁንም ያምሻል ወይስ ትንሽ ተሻለሽ? ባለቤትሽስ እንዴት ነው? ከመወጣጫው ላይ ወድቆ የተሰበረው እጁ ድንጋይ ማንሳት ቻለ? ትልቋ ልጅሽ ፈተናዋን እንዴት ሆነች? መንትዮቹ አሁንም በአንድ ጫማ ይጣላሉ? እናታችን መድኃኒቷን በሰዓቱ ትውጣለች ወይስ እንደ ልማዷ ትራስ ሥር ትደብቃለች? አንድ በአንድ ጠይቄያችሁ ሁላችሁም ደህና ነን እንድትሉኝ ነው ምኞቴ። እኔ በአካል ደህና ነኝ። ራሴን አላመመኝም፣ እግሬንም አልቆረጠመኝም፤ ልቤ ግን ቦታው ላይ አይደለም።

እትዬ፣ እንደ ሌላ ጊዜ ዳር ዳር አልልም። እሑድ እንዳትመጡ። ዕቃ አትጫኑ፣ ጭናችሁም ከሆነ አውርዱ። የቤታችሁን ቁልፍ ለአከራያችሁ አስረክበሽ እንደሆነ ሄደሽ መልሰሽ ተቀበዪ፤ ዓይንሽን በጨው አጥበሽ ለምኚ። ይህን በስልክ ልነግርሽ ነበር፤ ስልኩ ግን ከማክሰኞ ጀምሮ ሞቷል፣ ለምን እንደሞተም እጽፍልሻለሁ። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ቅዳሜ እደርሳለሁ ብሎ በልጆቹ ምሎልኛል።

ሁለት ዓመት ሙሉ ኑ፣ ኑ ስል የኖርኩት እኔ ነኝ። አሁን አትምጡ ስል ምን ነካት እንደምትይ አውቃለሁ። ባለቤትሽም አዲስ ወዳጅ ይዛ ነው፣ ልጆቹ እንዳይረብሿት ፈርታ ነው ብሎ ይቀልድብኝ ይሆናል። ይቀልድ። ብቻ እስከ መጨረሻው ያንብበው።

ስለ ሥራዬ አጥርቼ ነግሬሽ አላውቅም። ሽማግሌ ሠዓሊ ቤት እሠራለሁ ስልሽ ወለል ጠርጌ፣ ልብስ አጥቤ የምውል መስሎሽ ነበር። መጀመሪያ እንደዚያው ነበር። የሰፈሩ ልጆች ጋሽ ጠመኔ ይሏቸዋል፤ ልብሳቸው፣ ጢማቸው፣ የሚበሉት ዳቦ ሳይቀር ዱቄት ለብሷልና። የሚሥሉት በፓስቴል ነው። ፓስቴል ማለት የቀለም ዱቄት በጥቂት ሙጫ ተጨምቆ፣ ጣት የሚያህል በትር ሆኖ የደረቀ ነው። ጠመኔ ይመስላል፤ ጠመኔ ነው ካልሻቸው ግን ቀኑን ሙሉ ያኮርፉሻል። ብሩሽ የለው፣ ውሃ የለው፣ ዘይት የለው። ከጣትሽ ቀጥታ ወደ ወረቀቱ ነው።

ከዓመት ወዲህ ዓይናቸውን ሞራ ሸፈነው። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ ቅርጽ አይታያቸውም። አንድ ቀን ወረቀቱን እኔ ፊት አስቀምጠው “አንቺ እይ፣ እኔ እሰማለሁ” አሉኝ። እውነትም ይሰማሉ። በትሩ በሻካራው ወረቀት ላይ ሲሄድ ድምፅ አለው፤ በጎኑ ሲተኛ ያንሾካሹካል፣ በጫፉ ሲቆም ይጭራል፣ እጅ ሲያመነታ ይቆራረጣል። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ እንደተቀመጡ “እዚያ ጋ ፈራሽ” ይሉኛል፤ ፈርቼ እገኛለሁ።

ያስተማሩኝን ትንሽ ልንገርሽ፣ ያለዚያ ኋላ የምጽፍልሽ አይገባሽም። በዘይት ቀለም የሚሥል ሰው ቀለሙ እስኪደርቅ ይጠብቃል፤ ደመናው ግን እሱን አይጠብቀውም። ፓስቴል ድሮውንም ደረቅ ስለሆነ የሚያልፈውን ነገር እያለፈ ትይዢዋለሽ። ሣር ላይ ሲነፍስ ሣሩን አትሥዪ ይላሉ፤ ነፋሱ በሄደበት አቅጣጫ በትሩን በጎኑ አንድ ጊዜ ጎትተሽ እጅሽን አንሺ። መልሰሽ ካሻሸሽው ነፋሱ ይሞታል። ዝናብ ሲሆን ከላይ ወደ ታች፣ ኮረብታ ሲሆን በቁልቁለቱ ልክ፤ እጅሽ መሬቱ በሚሄድበት መንገድ ይሂድ ይሉኛል። አንዱን ቀለም በሌላው ላይ ስትደርቢም ሙሉ በሙሉ አትሸፍኚውም። የሥሩ እዚህም እዚያም ብቅ ሲል ዓይን ከአንዱ ወደ አንዱ ይዘላል፤ ሥዕሉ የሚንቀሳቀሰው ያኔ ነው። ሌሎች ሠዓሊዎች ዱቄቱ እንዳይረግፍ ማጣበቂያ ይረጩበታል። ጋሽ ጠመኔ ግን ቀለሙን ያጠቁረዋል ብለው አይወዱም፤ ስለዚህ እኛ ቤት ሥዕል የሚያዘው እንደ አራስ ልጅ ነው።

ዝናቡ ከገባ ጀምሮ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ከአንዱ መስኮት፣ በአንድ መጠን ወረቀት፣ ያንኑ ኮረብታ እሥላለሁ። ልምምዴ ነው። የጋሽ ጠመኔ ቤት ያለው ከኮረብታው ጎን ላይ ነው። ከመስኮቱ ቁልቁለቱ ይታያል፤ በቁልቁለቱ ላይ አራት የስልክ ምሰሶዎች ይወርዳሉ፣ ከሥር ደግሞ ዘጠኝ የቆርቆሮ ጣሪያዎች አሉ። ከዘጠኙ አንዱ፣ ከዳር ሁለተኛው፣ ለእናንተ የተከራየሁት ቤት ነው። በጠንካራው ቡናማ በትር መጀመሪያ መስመሩን አወጣለሁ። የመስኮቱን ክፈፍ እንደ ልክ ይዤ ምሰሶዎቹ ከክፈፉ ጋር እኩል መቆማቸውን አያለሁ። ባለቤትሽ ግንበኛ ነውና ይገባዋል፤ ክፈፉ ለእኔ ቱንቢዬ ነው።

እንግዲህ ጥፋቴ ይኸውልሽ። ገና በመጀመሪያዎቹ ሰኞዎች ምሰሶዎቼ ትንሽ ጎንበስ ብለው ወጡ። አፈርኩ። ሥዕል ስጀምር የቤት ግድግዳ አጣምሜ ሥዬ አንድ ደንበኛ “ይሄ ቤት ጠጥቷል እንዴ?” ብሎ ስቆብኝ ነበር፤ ያ ሳቅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ስለዚህ የእጄ ድካም ነው ብዬ፣ በላዩ በለስላሳው በትር ሰማይ ደረብኩበትና ምሰሶውን ቀጥ አድርጌ እንደገና አወጣሁት። በሚቀጥለው ሰኞም እንዲሁ፣ በሚቀጥለውም። ጋሽ ጠመኔ አላዩም፣ ግን ሰሙ። “ምንድነው ሁለት ጊዜ የሚያስኬድሽ?” አሉኝ። ሰማዩን እያለሰለስኩ ነው አልኳቸው። ዓይኑ የደከመን ሰው ዋሸሁ፤ እትዬ፣ ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል።

በአምስተኛው ሰኞ የሣልኩትን ነው ለእናንተ የላክሁት። ልጆቹ አይተው ጨፈሩ ብለሽ የጻፍሽልኝን። ባለቤትሽም ምሰሶው እንዲህ ቀጥ ብሎ የቆመበት መሬት ጠንካራ ነው ብሎ ነበር። አንቺ እንኳ፣ ዓመት ሙሉ ስታመነቺ የከረምሽው፣ እንግዲህ እንሄዳለን ብለሽ የቆረጥሽው ያን ሥዕል ካየሽ በኋላ ነው። ያ ሥዕል ውሸት ነው፣ እትዬ። ኮረብታው እንደዚያ አልነበረም። ያቀናሁት እኔ ነኝ።

እኔ ብቻም አይደለሁ። የተከራየሁላችሁ ቤት በር አልዘጋ ሲል አከራዩ አናጺ ጠርቶ የበሩን ጫፍ አስላገው። በወሩ እንደገና አልዘጋ አለ፣ እንደገና አስላገው። እንጨት ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል አለኝ፣ እኔም እውነቱን ነው ብዬ ተቀበልኩ። የስልክ ሠራተኛው መጥቶ ሁለተኛውን ምሰሶ በገመድ ስቦ አቆመው፣ ሥሩን በድንጋይ ጠቀጠቀው፣ ሻይ ጠጣና ሄደ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ያንኑ ምሰሶ ደግሞ አቆመ። “ይሄ ምሰሶ በኔ ላይ ቂም አለው” እያለ ይስቅ ነበር። ከታች ያለ ጎረቤትም የጓሮ ግድግዳው ሲሰነጠቅ በጭቃ መረገው፣ ሲሰነጠቅ መረገው። ሁሉም የየራሱን ስንጥቅ ደፍኖ እንቅልፉን ይለጥጣል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይሉ የለ፤ ከሥራችን የሚሄደውን ነገር ማንም አልጠረጠረም።

የዛሬ ሦስት ሳምንት አንድ ሰው ከሰኞ ሥዕሎች አንዱን ሊገዛ ፈለገ። ሥዕሉ መስተዋት ውስጥ ከመግባቱ በፊት በደንብ ያልያዘው ዱቄት መርገፍ አለበት፣ ያለዚያ ኋላ ከመስተዋቱ ሥር ይከማቻል። ስለዚህ ወረቀቱ ቀጥ ብሎ ይያዝና ጀርባው በጣት መታ መታ ይደረጋል። ጋሽ ጠመኔ “ጠንከር አድርጊው፣ ሰው ቤት ሄዶ እንዳያዋርደን” አሉኝ። ጠንከር አደረግኩት። ሁለት ጊዜ የደረብኩት ሰማይ በወፍራሙ ወረደ፤ ቀጥ ያለው ምሰሶዬም አብሮት ወረደ። ወረቀቱ ውስጥ ጠልቆ የገባው የመጀመሪያው ቡናማ መስመር ብቻ ቀረ። ምሰሶው አዘንብሏል።

ሌላ አወጣሁና መታሁ። ያም አዘንብሏል። የቀሩትን ሁሉ ከመሳቢያው አውጥቼ አንድ በአንድ መታኋቸውና በየቀናቸው ተራ ወለሉ ላይ ደረደርኳቸው። ከመጀመሪያው ጀምሬ በጎናቸው ተራመድኩ። ምሰሶዎቹ ከሳምንት ሳምንት ትንሽ ትንሽ ይጎነበሳሉ። ሠራተኛው ያቆመው ሁለት ጊዜ ይቃናል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። የዛፎቹ ግንድ ወደ ታች ይገፋል፣ ጫፋቸው ወደ ላይ ለመቃናት ይታገላል። አንዱን ወረቀት ለብቻው ብታዪው ምንም አይደለም፤ ተራውን ተከትለሽ ስታዪው ግን ኮረብታው ይራመዳል። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። እጄ አንድም ቀን አልተሳሳተም ነበር።

ጋሽ ጠመኔ ምን ሆንሽ አሉኝ። መዋሸቴን ሳልሸሽግ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ “ወዴት ነው የሚያዘነብሉት?” ብቻ አሉኝ። ወደ ታች፣ ወደ ቤቶቹ ነው አልኳቸው። ከዚያ “ጆሮዬስ ነግሮኝ ነበር፤ ልጅቷ ሰነፈች ብዬ ተውኩት” አሉ። ራሳቸውን እንዲህ ሲወቅሱ ሰምቻቸው አላውቅም።

በማግስቱ ሥዕሎቹን በካርቶን መሃል አድርጌ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። የመሬት ጉዳይ የሚይዘው ሹም አገላብጦ አያቸውና እጅሽ ጥሩ ነው አለኝ። ኮረብታው እየሄደ ነው አልኩት። “እህቴ፣ ሥዕል ማስረጃ አይሆንም፤ አንቺ እንዳሻሽ ልታጣምሚው ትችያለሽ” አለኝ። እንዳሻኝ ሳቀና የከረምኩ ሰው እንዳሻኝ አላጣምምም ብዬ እንዴት ልከራከር? መሐንዲስ ሲገኝ እንልካለን አለኝ፤ መቼ እንደሚገኝ ግን አላለም። ልወጣ ስል ሰባተኛዋን ሥዕል ለቢሮዬ ግድግዳ ታምራለች ብሎ አስቀራት። የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል የሚባለውን እያሰብኩ መንገዱን ሙሉ እያለቀስኩ ተመለስኩ።

ያኔውኑ ለምን አልጻፍሽልኝም ትይኛለሽ። ትክክል ነሽ። ዛሬ መሐንዲሱ ይመጣል፣ ነገ ዝናቡ ያባራል እያልኩ ራሴን ሳባብል ሰነበትኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ናፍቃችሁኛል። ሁለት ዓመት ብቻዬን በላሁ፣ ብቻዬን ታመምኩ። ለልጆቹ አልጋ አዘጋጅቼ፣ ግድግዳውን በእጄ ቀብቼ፣ አትምጡ የሚለውን ቃል መጻፍ አቃተኝ። በእናንተ ነፍስ ላይ የራሴን ናፍቆት አስበለጥኩ። ይቅር በይኝ።

አሁን ደግሞ ያስጻፈኝን ስሚ። ባለፈው ሳምንት ከዓርብ ጀምሮ ሳያባራ ዘነበ፣ ሰኞ ጠዋት ቆመ። እንደ ልማዴ ተቀመጥኩ፣ በክፈፉ ለካሁ፣ አየሁ። አራቱም ምሰሶዎች ቀጥ ብለዋል። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። መሬቱ ረጋ፣ ወይ የስልክ ሠራተኞቹ መጥተው አቀኗቸው ብዬ “ጋሼ፣ ቆመዋል! ሁሉም ቀጥ ብለዋል” አልኳቸው። እሳቸው አልሳቁም። ክር አምጪ አሉኝ። ክሩ ጫፍ ላይ መቀስ አስረን ከክፈፉ የላይኛው ጥግ ወደ ታች ለቀቅነው። ክሩ መወዛወዙን ሲተው፣ ከታች ከክፈፉ ሦስት ጣት ርቆ ቆመ። ምሰሶዎቹ አልተቃኑም ነበር። የእኛ መስኮት ነው አብሯቸው ያዘነበለው። ከእንግዲህ የሚሄደው ቁልቁለቱ ብቻ ሳይሆን እኛ የተቀመጥንበትም ነው። በማግስቱ የስልኩ ሽቦ በራሱ ጊዜ ተበጠሰ።

ባለቤትሽ ይህን አንብቦ የሴት ፍርሃት ነው ካለ አትሟገቺው። ሥዕሉን ከግድግዳ አውርዱና ከመስተዋቱ አውጡት። ነጭ ጨርቅ ላይ አቁማችሁ ጀርባውን በማንኪያ ምቱት፤ አትራሩለት። ሰማዩ ይረግፋል፣ ልጆቹም ቅር ይላቸዋል፤ ቅር ይበላቸው። ከሥሩ የሚቀረውን ምሰሶ ባለቤትሽ ቱንቢውን አምጥቶ ይለካው። እኔን ባያምን ቱንቢውን ያምናል።

ለእኔ አትስጊ። ትናንት ጋሽ ጠመኔን ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ወደሚኖረው ወደ ወንድማቸው ልጅ ቤት ወሰድኳቸው። ከቤቴ ንቅንቅ አልልም ብለው እግራቸውን ተክለው ነበር። የቀለም ሣጥናቸውን አንሥቼ ስወጣ ግን እየተሳደቡ ተከተሉኝ። እኔም እዚያው አድሬያለሁ።

የቀረኝን ልጻፍልሽ። ትናንት የተከራየሁላችሁን ቤት ቁልፍ ለአከራዩ መለስኩለት። ምክንያቴንም ነገርኩት፤ “አንቺ ከሽማግሌው ጋር ጠመኔ ስትበዪ ከርመሽ አእምሮሽን ነካው” አለኝ። መልሼው በመውጣቴ ግን ትልቅ ሸክም የወረደልኝ መሰለኝ። ዛሬ ጠዋት የታች ቤቶቹን ሰዎች ውጡ እያልኩ በየበሩ ሳንኳኳ በዚያ ቤት ሌላ ሰው ገብቶ አገኘሁ። በሌሊት ተነሥታ የገባች ሴት ናት፣ ባሏ ለሥራ ርቆ የሄደ። ሦስት ልጆች አሏት፣ ትንሹ ገና ድክ ድክ ይላል። እኔ የቀባሁት ግድግዳ ላይ መጋረጃ እየሰቀለች ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፣ ሥዕሎቹንም አሳየኋት። አዳመጠችኝና ይህን ቤት ለእህትሽ ይዘሽው የነበርሽው አንቺ ነሽ አይደል አለችኝ። አዎ አልኳት። “እህትሽ ስትቀር ቤቱ ቆጭቶሽ ነው፤ እኔ ቤት ለማግኘት አራት ወር ተንከራትቻለሁ” አለችኝና በጨዋ ደንብ አስወጣችኝ። በሩ አልገጥም አላት። በትከሻዋ ገፍታ ዘጋችው።

ቁልፉን ባልመልስ ኖሮ ቤቱ ባዶ ይሆን ነበር፣ እትዬ። ባዶ ቤት ቢወድቅ ማንን ይገድላል? እናንተን አውጥቼ ቦታውን ለእሷ ልጆች የለቀቅኩት እኔ ነኝ፤ ይህ አልታየኝም ነበር።

ለባለቤትሽ የአክብሮት ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ለአንድ ጊዜ ብቻ ሳይቀልድ ይስማኝ። ትልቋን ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ ትምህርት ቤቷን ስላልለቀቀች ደስ ይበላት። መንትዮቹን እኩል ሳሚያቸው፣ አንዱ ይበልጣል ብለው እንዳይደባደቡ። እናታችንን ጉልበቷን ስሜያለሁ፤ ይህን ደብዳቤ ግን አታንብቢላት፣ ያልጻፈችልሽ ሥራ በዝቶባት ነው በያት። ለጎረቤቶቻችን ሁሉ፣ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም፣ ሰላም በይልኝ።

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ እየጠራኝ ነው፣ ዝናቡም ጀምሯል። ደብዳቤውን ሰጥቼው ተመልሼ ወደ ሴትየዋ እሄዳለሁ። ካልከፈተችልኝ ከደጃፏ አልነሣም፤ ይሰድቡኝ፣ እብድ ይበሉኝ። አትምጪ ብላ የምትጽፍላት እህት ያላት አይመስለኝም።

ታናሽ እህትሽ

ከኮረብታው ሥር፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ወሩ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን